የሚና ጨዋታ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡትን ደብዳቤዎች አንድ ላይ አድርገናል፤ ጉዳያቸው አንድ ነውና። ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ሚና ጨዋታ ነው። አንዱ የጨዋታ መሪ ሆኖ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፣ ነገሩ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። መጻሕፍቱ ውድ ናቸው፣ እኛ ዘንድ መደርደሪያ ላይም አይገኙም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ ሊታሰብበት ይገባል። የመጻሕፍቱን የኅትመት ዓመት የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የምንኖር አምስት ጓደኛሞች ነን። በሚቀጥለው ወር አንድ ዘመዳችን ከውጭ ስለሚመጣ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን የሚና ጨዋታ ሦስት ዋና መጻሕፍት አምጣልን ልንለው አስበናል። ማናችንም ተጫውተን አናውቅም። ሦስቱም ያስፈልጋሉ? የ2014ቱ ዕትም ነው የሚሻለው ወይስ የ2024ቱ?

መልስ፦ ሦስቱንም በአንዴ አታስመጡ። የአዲሱ ዕትም መጻሕፍት እያንዳንዳቸው 384 ገጽ ናቸው፤ ሲወጡ የሽፋን ዋጋቸው 49.99 ዶላር ነበር። ሦስቱ ሲደመሩ ከ1,150 ገጽ በላይና ወደ 150 ዶላር ይሆናሉ፤ ከዘመዳችሁ ሻንጣ ላይም ከሦስት ኪሎ በላይ ይወስዳሉ። ይህ ሁሉ ወጥቶበት የመጀመሪያው ቀን ማታ መሪያችሁ ምን እንደሚያጫውታችሁ ላያውቅ ይችላል። ጀማሪ ቡድን የሚፈርሰው ደንብ አንሶት አይደለም። መሪው ወፍራሙን መጽሐፍ ሲያነብ ሳምንታት ያልፋሉ፣ የሌሎቹም ጉጉት ይበርዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ማን እንደሚመራ ወስኑ። መጽሐፉ የሚገዛው ለእሱ ነው። ቀጥሎ ዘመዳችሁን የጀማሪዎች ሣጥን እንዲፈልግ ጠይቁት። የ2014ቱ ሣጥን 32 ገጽ ደንብ፣ 64 ገጽ የተዘጋጀ ጀብዱ (መሪው የሚያጫውተው ታሪክ)፣ ተሞልተው ያለቁ 5 ገጸ ባሕርያትና 6 ዳይሶች ይዟል። መሪው ደንቡን በአንድ ቅዳሜ አንብቦ እሑድ ማጫወት ይችላል። ለአዲሱ ደንብ የሚሆነው ደግሞ በ2025 የወጣው ሂሮስ ኦፍ ዘ ቦርደርላንድስ የሚባለው ሣጥን ነው። አንድ መሪና አራት ተጫዋች ሆናችሁ አምስት መሆናችሁ ለዚህ ጨዋታ የተመቸ ቁጥር ነው።

ሣጥኑን ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ፍላጎቱ ካልቀነሰ ፕሌየርስ ሃንድቡክን ግዙ፤ ለሁላችሁም አንድ ቅጂ ይበቃል። ገጸ ባሕርይ አሠራሩ፣ የውጊያው ደንብና ድግምቶቹ እዚያ ውስጥ ናቸው። ሁለተኛው ሞንስተር ማኑዋል ይሁን፤ መሪው በየጨዋታው ተቃዋሚ ያስፈልገዋልና የፍጡራኑ ቁጥር ተሠርቶ መገኘቱ የሰዓታት ሥራ ያቀልለታል። ዳንጀን ማስተርስ ጋይድ ሦስተኛ ይምጣ። በውስጡ ያለው ምክርና የአስማት ዕቃዎች ዝርዝር ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን አምስት ስድስት ጊዜ ያጫወተ መሪ ሲያነበው ነው ምክሩ ከገጠመው ችግር ጋር የሚገናኝለት። ይህን ቅደም ተከተል የማይቀበሉ አሉ፤ እኛ ግን በዚህ እንጸናለን።

ስለ ዕትሙ፦ አዲስ የምትገዙ ከሆነ የ2024ቱን ግዙ። የ2014ቱን ከሰው በስጦታ ካገኛችሁ ደግሞ እሱን ትታችሁ ሌላ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ሙሉ ጨዋታ ነው። አሳታሚው የድሮዎቹን ጀብዱዎች በአዲሱ ደንብ መጫወት ይቻላል ይላል፣ እውነትም ይቻላል። ጠብ የሚመጣው ሁለቱ የተጫዋች መጻሕፍት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ ነው። ለምሳሌ ቁስል የሚፈውሰው ኪውር ዉንድስ የሚባለው ድግምት በ2014ቱ መጽሐፍ በአንድ ባለ 8 ጎን ዳይስ ይሰላል፤ በ2024ቱ ግን በሁለት። አንዱ ተጫዋች ከአሮጌው፣ ሌላው ከአዲሱ እያነበቡ ከሆነ ጭቅጭቁ አያልቅም። አንዱን መርጣችሁ በእሱ ብቻ ተዳኙ።

ለዘመዳችሁም የመጽሐፉን ስም ብቻ ሳይሆን የሽፋኑን ፎቶ ላኩለት። መደብር ውስጥ እነዚህን የሚመስሉ ብዙ መጻሕፍት ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ ከእነሱ አብዛኞቹ ተጨማሪ ናቸው፣ ያለ ዋናው መጽሐፍ አያጫውቱም።

ጥያቄ፦ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ያለን ስልክና ለፎቶ ኮፒ የምናዋጣው ጥቂት ብር ብቻ ነው። የተሰረቀ ፋይል መጠቀም አንፈልግም። በነፃ የሚገኝ ሙሉ ጨዋታ አለ?

መልስ፦ አለ፣ ብዙም ነው። አሳባችሁ ደግሞ ትክክል ነው፤ በዚህ ዘርፍ ሕጋዊው ነፃ መጽሐፍ በጣም ጥሩ ስለሆነ ወደ ተሰረቀው የሚያስኬድ ምክንያት የለም።

ለእናንተ የመጀመሪያ ምርጫችን ኬርን ነው። በ2020 የወጣው የመጀመሪያ ዕትሙ 24 ገጽ ብቻ ነው። እንደ ቡክሌት ሲታተም በአንድ ኤ4 ወረቀት ላይ አራት ገጽ ስለሚያርፍ መጽሐፉ በሙሉ በ6 ወረቀት ያልቃል፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ አንድ ማተም ትችላላችሁ። ገጸ ባሕርይ ለመሥራት ለሦስት ችሎታዎች ሦስት ሦስት ባለ 6 ጎን ዳይስ ትጥላላችሁ፤ የጉልበት፣ የቅልጥፍናና የመንፈስ ጥንካሬ ናቸው። ፈተና ሲመጣ ባለ 20 ጎን ዳይስ ተጥሎ ከችሎታው ቁጥር እኩል ወይም በታች ከወጣ ተሳካ ማለት ነው። በውጊያ ላይ “መታሁ ወይስ ሳትኩ” የሚል ዳይስ የለም፤ በቀጥታ የጉዳቱ መጠን ይጣላል። ስለዚህ ውጊያ በፍጥነት ያልቃል፣ ገጸ ባሕርይም ቶሎ ይሞታል። ይህን አስቀድማችሁ ካልተነጋገራችሁበት በመጀመሪያው ሰዓት ሰው ይቀየማል። ገጸ ባሕርይው የሚሸከመው ዕቃም በ10 ቦታ የተገደበ ነው፤ ገመድ ልያዝ ወይስ ፋኖስ የሚለው ውሳኔ የጨዋታው ዋና ክፍል ስለሆነ ቸል አትበሉት።

ለወራት የሚዘልቅ፣ ገጸ ባሕርይ ደረጃ በደረጃ የሚያድግበት ጨዋታ ከፈለጋችሁ ቤሲክ ፋንታሲን አውርዱ። ተዋጊ፣ ካህን፣ አስማተኛና ሌባ አሉት፤ ጭራቆቹም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ስለሆኑ ሌላ የሚገዛ የለም። በነፃ የሚወርዱ ጀብዱዎችም በብዛት አሉት፤ ለመሪው ከደንቡ በላይ የሚጠቅሙት እነሱ ናቸው። ፈተና ደርሶ ጓደኞቹ ለተበተኑበት ሰው ደግሞ አይረንስዎርን አለ። ያለ መሪ ብቻን ወይም ለሁለት ለሦስት ሆኖ ይጫወቱታል፤ የሚጠይቀው አንድ ባለ 6 ጎንና ሁለት ባለ 10 ጎን ዳይስ ነው።

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ካልሆነ የምትሉ ከሆነ የ2014ቱን ዕትም መሠረታዊ ደንብ የያዘው፣ 5.1 የሚባለው ሰነድ ከጥር 2023 ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቅቋል። መቅዳት፣ ማከፋፈል፣ ወደ አማርኛ መመለስ፣ መሸጥም ጭምር ይፈቀዳል፤ ግዴታው የምንጩን ስም በተቀመጠው መንገድ መጥቀስ ነው። ሰነዱ 403 ገጽ ስለሆነ በሁለት በኩል እንኳ ቢታተም 202 ወረቀት ይፈጃል። ሁሉንም አታትሙት። ለእያንዳንዱ ተጫዋች የያዘውን የሙያ ክፍል ጥቂት ገጾች፣ ድግምት ለሚጠቀም ደግሞ የእሱን ድግምቶች ብቻ አትሙ፤ የቀረው ስልክ ላይ ይቆይ። የጎደለውንም ዕወቁት፦ 12ቱ ሙያዎች አሉ፣ ግን ለእያንዳንዱ አንድ ዘርፍ ብቻ፤ የገጸ ባሕርይ የኋላ ታሪክም አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ለገጸ ባሕርይው ስድስት ችሎታዎች 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10 እና 8ን እንደፈለጋችሁ አከፋፍሉ፤ የተለመደው አሠራር ይህ ነው።

አሁን ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ። ብዙዎቹ ፋይሎች የተሠሩት ለአሜሪካ ወረቀት ነው፤ 216 በ279 ሚሊ ሜትር። የእኛ ኤ4 ደግሞ 210 በ297 ነው፣ በስፋት ያንሳል። ልጁ ዝም ብሎ ካተመው የዳር ዳሩ ጽሑፍ ይቆረጣል። ከገጹ ጋር አስማማው በሉት፤ አምስት ገጽ አስወጥታችሁ ሠንጠረዦቹ መነበባቸውን ካያችሁ በኋላ ሌላውን አስቀጥሉ። የጀርባ ሥዕል ያለበት ፋይል በጥቁርና ነጭ ሲታተም ፊደሉን ይውጠዋል፣ ቀለምም ይጨርሳል፤ ለማተሚያ ተብሎ የተዘጋጀ ቅጂ ካለው እሱን ውሰዱ። ጥራዙ በስፓይራል ይሁን። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ በሙጫ ብቻ የተጠረዘው ደግሞ በድሬ ፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ከተረሳ ሙጫው ላልቶ ቅጠሉ ይረግፋል።

ፒዲኤፉን ሁላችሁም በየስልካችሁ አስቀምጡት፤ መብራትና ኔትወርክ በሄደ ቁጥር ጨዋታ እንዳይቆም። የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ዋና መጻሕፍት በዲጂታል የምትገዙበት ቀን ከመጣም ይህን አስቡ፦ የ2014ቱም ሆኑ የ2024ቱ ዋና መጻሕፍት በኩባንያው መድረክ ላይ በአካውንት የሚከፈቱ ናቸው፤ ለብቻው የሚቀመጥ የፒዲኤፍ ፋይል አይሸጥላችሁም። ኮል ኦፍ ክቱሉና ፓዝፋይንደር የሚባሉት ሌሎች የሚና ጨዋታዎች አሳታሚዎች ግን ፒዲኤፍ ይሸጣሉ።

ጥያቄ፦ ሐረር ውስጥ መምህር ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ 24 ተማሪዎች የሚገኙበት ክበብ አለን። ጨዋታው በጀጎል፣ በአሚሮቹ ዘመን እንዲሆን እፈልጋለሁ። የገበያው መጻሕፍት ሁሉ ግንብና ድራጎን ናቸው። ምን ልግዛ?

መልስ፦ ምንም አይግዙ፤ ፌት አክሰለሬትድ የሚባለውን የሚና ጨዋታ ያውርዱ። ፒዲኤፉ ዋጋውን ገዢው በሚወስነው መንገድ የሚሰጥ ነው፣ 50 ገጽ ገደማ ነው፣ ከየትኛውም ዓለምና ዘመን ጋር አልተሳሰረም። የጦር መሣሪያ ዝርዝር ወይም የአውሮፓ ጭራቅ አይጭንብዎትም፤ ዓለሙን የሚሞሉት እርስዎና ልጆቹ ናችሁ።

24 ልጅ በአንድ መሪ አይሞከር። ተራ የሚጠብቀው ልጅ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወደ ስልኩ ይመለሳል። በአራት ቡድን ይክፈሏቸው፤ አንድ መሪና አምስት ተጫዋች። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች አራቱን መሪዎች ብቻ ሰብስበው እርስዎ ያጫውቷቸው፣ ሦስተኛው ላይ ሌሎቹን ይጨምሩ። የሚታተመው ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ቅጂ ነው፤ በቡክሌት መልክ እያንዳንዱ ከ13 ወረቀት ብዙም አይበልጥም።

ገጸ ባሕርይ እንዲህ ይሠራል። ልጁ መጀመሪያ ማንነቱን በአንድ ሐረግ ይጽፋል፤ “ከዘይላ መንገድ የተመለሰ የቡና ነጋዴ” እንበል። ቀጥሎ መከራውን ይጽፋል፤ “ለአሚሩ ግምጃ ቤት ያልከፈለው ዕዳ አለበት።” ከዚያ ስድስት የአሠራር ስልቶች አሉ፦ በጥንቃቄ፣ በብልሃት፣ በታይታ፣ በኃይል፣ በፍጥነትና በስውር። ለአንዱ +3፣ ለሁለቱ +2፣ ለሁለቱ +1፣ ለቀረው 0 ይሰጣል።

ልጆች የሚሳሳቱት መከራው ላይ ነው። “በጣም ደፋር ነው” ብለው ሌላ ሙገሳ ይጽፋሉ። ጨዋታው ግን የሚንቀሳቀሰው በነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች በ3 ነጥብ ይጀምራል፣ አንድ ነጥብ ከፍሎ ከማንነቱ ጋር የሚሄድ ነገር ሲያደርግ +2 ያገኛል፣ መሪው መከራውን ሲያመጣበትና ሲቀበል ደግሞ ነጥብ ይመለስለታል። መከራው እውነተኛ ካልሆነ ነጥቡ ወጥቶ ይቀራል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጨዋታው ይደርቃል። መሪዎቹን ሲያሠለጥኑ በዚህ ላይ ጊዜ ይስጡ።

ልዩ ዳይስ ያስፈልገዋል ይባላል፤ አያስፈልገውም። አራት የሉዶ ዳይስ ይበቃል፦ 1 እና 2 እንደ −1፣ 3 እና 4 እንደ 0፣ 5 እና 6 እንደ +1 ይቆጠራሉ። አራቱ ሲደመሩ ውጤቱ ከመቶ 63 ጊዜ ያህል በ−1 እና በ+1 መካከል ይወድቃል። ስለዚህ +3 ያለው ልጅ በስልቱ ሲሠራ በእርግጥ ጎበዝ ሆኖ ይታያል። ባለ 20 ጎን ዳይስ ላይ ግን እያንዳንዱ ቁጥር እኩል 5 በመቶ ዕድል ስላለው ዕድል ሙያን ይበልጠዋል።

ለዘመኑ፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ግንቡን ያሠሩበት ጊዜ አለ፤ ወይም ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ እጅ ከመግባቷ በፊት ያሉት ዓመታት አሉ። እኛ ሁለተኛውን እንመርጥልዎታለን፤ የዘይላና የበርበራ ንግድ፣ የሐረር የራሷ ገንዘብ ማሐለቅ፣ ከሩቅ የሚመጡ እንግዶች፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይገኛሉ። አምስቱ በሮች ማታ ይዘጉና ቁልፎቹ ወደ አሚሩ ይገቡ ነበር። ይህ ለመሪ ትልቅ ስጦታ ነው፦ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከኤረር በር መግባት ያለበት ተጫዋች ሌላ ጭራቅ አያስፈልገውም። ልጆቹን ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ወደ ሸሪፍ ሐረር ሙዚየም ይውሰዷቸው፤ እያንዳንዱ ልጅ ካየው ዕቃ አንዱን መርጦ ለገጸ ባሕርይው ይስጠው።

አንድ ነገር ግን አደራ። የአውሊያ ቦታዎችና መስጊዶች በጨዋታው ውስጥ የጭራቅ መደበቂያ ወይም የሚዘረፍ ሀብት ማስቀመጫ አይሁኑ። የተማሪዎቹ ወላጆች ዛሬም የሚሳለሙባቸው ቦታዎች ናቸው። ገጸ ባሕርያት መጥተው የሚማጠኑባቸው፣ ምክር የሚጠይቁባቸው ቢሆኑ ታሪኩም ይበልጥ ያምራል።

ጥያቄ፦ የድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ነዋሪ ነኝ። ውጊያ ሰልችቶኛል፤ ምሥጢር የሚፈታበት፣ የሚያስፈራ ጨዋታ እፈልጋለሁ። ገንዘብ አለኝ፣ ግን አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው የምገዛው።

መልስ፦ ኮል ኦፍ ክቱሉ። ከ1981 ጀምሮ ያለ ጨዋታ ነው፤ አሁን ያለው 7ኛው ዕትም ነው። ኪፐር ሩልቡክ የሚባለውን ብቻ ይግዙ፤ ሙሉ ደንቡ በውስጡ ነው። ኢንቬስቲጌተር ሃንድቡክ የተጫዋቾች ተጨማሪ ነው፣ ያለ እሱ ይኖራል። ከመክፈልዎ በፊት ግን አሳታሚው በነፃ የሚሰጠውን የፈጣን መጀመሪያ ደንብ አውርደው በውስጡ ያለውን ጀብዱ አንድ ምሽት ያጫውቱ። ካልጣመዎት ገንዘብዎ ተረፈ። ከጣመዎትና ገና ጀማሪ ከሆኑ ደግሞ ከወፍራሙ መጽሐፍ ይልቅ የጀማሪ ሣጥኑ ይሻላል፤ ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት አሉት፣ የመጀመሪያው ብቻዎን እየተጫወቱ ደንቡን የሚማሩበት ነው።

አሠራሩ በመቶኛ ነው። ሰነድ የመመርመር ችሎታዎ 60 ከሆነ 60 ወይም በታች ሲወጣ ይሳካል፤ ከበድ ያለ ሥራ ከሆነ ግማሹ፣ ማለትም 30፣ እጅግ ከባድ ከሆነ አንድ አምስተኛው፣ ማለትም 12 ይጠየቃል። አዲስ መሪ የሚያበላሸው ዋናውን ፍንጭ ከዳይስ ጀርባ ሲደብቅ ነው። ዳይሱ ከከሸፈ ታሪኩ ይቆማል። ወደ ቀጣዩ ቦታ የሚያደርሰው ፍንጭ ያለ ዳይስ ይገኝ፤ ዳይሱ የሚወስነው ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ወይም ማን እንደሚያያቸው ይሁን።

የጨዋታው የተለመደ ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1920ዎቹ ስለሆነ ድሬዳዋ ራሷ ትስማማዋለች። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ደርሷል፤ የጥገና ወርክሾፑ፣ ፈረንሳዮቹ፣ የግሪክ፣ የአርመን፣ የዓረብና የሕንድ ነጋዴዎች ሁሉ አሉ። ከጅቡቲ የመጣ የታሸገ ፉርጎ ከለገሀሬ መጋዘን መድረሱ ለአንድ ምሽት ጨዋታ በቂ መነሻ ነው። የደቻቱን ወንዝ ደራሽ ውኃ ግን ሳይጠይቁ አያምጡ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በደረሰው ጎርፍ ቤተሰቡን ያጣ ሰው ጠረጴዛው ላይ ሊኖር ይችላል። ፍርሃት የሚጫወት ቡድን ሁልጊዜ የማይነኩ ጉዳዮችን ከመጀመሪያው ዳይስ በፊት ይስማማባቸው።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ ታይዋን የሚባለውን ገበያ ብንዞር ባለ 20 ጎን ዳይስ አጣን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ አንድ ዓይነት የሆኑ 20 የለስላሳ ቆርኪዎች ሰብስቡ፣ ከውስጥ በኩል ከ1 እስከ 20 ጻፉባቸውና በማያሳይ ከረጢት ጨምሩ። አንዱን አውጡ፣ አንብቡ፣ መልሱ፣ አማሱ። መመለሱን ከረሳችሁ የቀሩት ቁጥሮች ዕድል ይዛባል። ቆርኪዎቹ ከተለያየ ፋብሪካ ከሆኑ ደግሞ ጣት ይለያቸዋል። ለመቶኛ ጨዋታ ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸው 10 ቆርኪዎች ይበቃሉ፤ መጀመሪያ የወጣው አሥር ቤት፣ ተመልሶ ሁለተኛ የወጣው አንድ ቤት፤ ሁለቱም 0 ከሆኑ 100 ነው። ያለ ኔትወርክ የሚሠራ የዳይስ መተግበሪያም በስልክ ይገኛል፤ እጅ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ሲቆይ ጠረጴዛው የሚይዘውን ትንፋሽ ግን አይሰጥም።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ያገለገለ የፓዝፋይንደር መጽሐፍ ሊሸጥልኝ ነው። ምን ልይ?

መልስ፦ መጀመሪያ ዓመቱን። ሁለተኛው ዕትም በ2019 ወጣ፤ ከኅዳር 2023 ጀምሮ ደግሞ ፕሌየር ኮርና ጂኤም ኮር በሚባሉ መጻሕፍት ታድሷል። የ2019ኙ መጽሐፍ አሁንም ያጫውታል፤ ዋጋው ግን ዝቅ ማለት አለበት። ከ2019 በፊት የታተመ ከሆነ የመጀመሪያው ዕትም ነው፤ ሌላ ጨዋታ ስለሆነ ከአዲሶቹ ጋር አይገጥምም። ቀጥሎ መጽሐፉን መሐል ላይ ከፍተው ጀርባውን ይዩ፤ ቅጠል የሚለቀው እዚያ ነው። የገጽ ቁጥሮቹን በተለይ በሙያዎቹና በድግምቶቹ ክፍል ይቁጠሩ፤ ተቀድዶ የሚወሰደው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የጀብዱ መጽሐፍ ወይም ሣጥን ከሆነ ካርታዎቹ መኖራቸውን ያረጋግጡ። የዚህ ጨዋታ ደንብ በሙሉ አርካይቭስ ኦፍ ኔቲስ በሚባል ድረ ገጽ ላይ በአሳታሚው ፈቃድ በነፃ ይነበባል። ሻጩ ቀጠሮ ካስረዘመብዎት ወይም ዋጋውን አልቀንስም ካለ እዚያ ጀምረው መጫወት ይችላሉ።